ሔለን ኬለር፦ ድምፅን በእጇ የተከታተለች ሴት

ይህን ገጽ የከፈቱት እርስዎ ራስዎ፣ ልጅዎ ወይም እናትዎ የመስማት ችግር ስላጋጠማችሁ ሊሆን ይችላል። እንደ ሰዓት እጅ ላይ ታስረው ድምፅን ወደ ንዝረት የሚቀይሩ መሣሪያዎች እንዳሉም ሰምተው ይሆናል። አሠራራቸው ለመረዳት አይከብድም። ማይክሮፎን ድምፁን ይቀበላል፤ ትንሽ ሞተር ደግሞ ስልክዎ ድምፁ ጠፍቶ ሲጠራ እንደሚያደርገው ቆዳዎን ያነዝራል። የሚከብደው፣ ይህ ንዝረት ለሰው ምን ያደርግለታል፣ ምንስ አያደርግለትም የሚለው ጥያቄ ነው።

ለዚህ ጥያቄ የአንዲት ሴት ሕይወት ጥሩ መልስ ይሰጣል። ሔለን ኬለር ሳትሰማና ሳታይ 86 ዓመት ያህል ኖራለች። በዙሪያዋ የሚሆነውን የምታውቀው በማሽተት፣ በመንካትና በንዝረት ነበር። ዛሬ በእጅ የሚታሰሩት መሣሪያዎች ቀዳሚ ከሆኑት አንዱንም በራሷ ጣቶች ሞክራዋለች። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ካለ ዓ.ም. ተብሎ ተጠቅሷል።)

ትኩሳቱ

ሔለን የተወለደችው ጁን 27 ቀን 1880 በአሜሪካ፣ በአላባማ ግዛት፣ ቱስካምቢያ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ጤነኛና ቀልጣፋ ሕፃን ነበረች፤ ዓመት ሳይሞላት ጥቂት ቃላት መኮላተፍ ጀምራለች። በ19 ወሯ ግን ከባድ ትኩሳት ያዛት። የዘመኑ ሐኪም የሆድና የአንጎል መጨናነቅ ነው አለ፤ ትተርፋለች ብሎም አልጠበቀም። ከዚያ ትኩሳቱ እንደ አመጣጡ በድንገት ለቀቃት። ቤተሰቡ ደስታውን ጨርሶ ሳያጣጥም፣ ልጅቷ ብርሃን ሲመጣባት ዓይኗን እንደማትከድን፣ የምግብ ደወል ሲደወል ዞር እንደማትል ታወቀ።

በቅርብ ዓመታት ታሪኳን መለስ ብለው የመረመሩ ሐኪሞች ሕመሙ በባክቴሪያ የሚመጣ ማጅራት ገትር ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ የሚዘረጋው የአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ አገራችንን ይነካል፤ በሽታውም እስከ ዛሬ ልጆችን መስማት ከሚያሳጡ ምክንያቶች አንዱ ነው። በአገራችን ለሕፃናት በነፃ ከሚሰጡት ክትባቶች ሁለቱ፣ ማለትም ከ2007 ጀምሮ የሚሰጠው አምስት በአንድ የሆነው ክትባትና ከ2011 ጀምሮ የሚሰጠው የኒሞኮካል ክትባት፣ ማጅራት ገትርን ከሚያመጡ ዋና ዋና ባክቴሪያዎች ይከላከላሉ።

ልጅዎ ማጅራት ገትር ታሞ ከዳነ፣ ትኩሳቱ ለቀቀው ብለው ብቻ አይረጋጉ። የመስማት ምርመራ ከሆስፒታል ሳይወጣ፣ ካልሆነም በቀጣዮቹ 4 ሳምንታት ውስጥ ይደረግለት። የሚቸኮለው ያለ ምክንያት አይደለም። ማጅራት ገትር የውስጠኛውን ጆሮ ቀንድ አውጣ መሰል ክፍል ከጎዳው፣ ክፍሉ በወራት ውስጥ ወደ አጥንት ሊለወጥ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ በቀዶ ጥገና የሚገባው የኮክሌር ኢምፕላንት መሣሪያ እንኳ ለማስገባት ያስቸግራል። ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ለመውሰድ ያሰቡ ቤተሰቦችም ምርመራውን ሳያስተላልፉ ሁለቱን ጎን ለጎን ማድረግ ይችላሉ።

የጓዳው በር

ሔለን ቋንቋ ሳይኖራት ዝም ብላ የተቀመጠች ልጅ አልነበረችም። 60 ያህል የራሷ ምልክቶች ነበሯት፤ ዳቦ ስትፈልግ መቁረስና መቀባት ታሳያለች፣ አይስክሬም ስትፈልግ እንደ በረደው ሰው ትንቀጠቀጣለች። የማብሰያ ቤቱ ሠራተኛ ልጅ ማርታ ዋሺንግተን ምልክቶቿን ከማንም ቀድማ ትረዳት ነበር። እንግዳ ሲመጣም ሔለን የውጭው በር ሲዘጋ ወለሉ ላይ በሚሰማት ንዝረት ታውቃለች።

አንድ ቀን ቁልፍ ምን እንደሚሠራ የተገለጠላት ሔለን እናቷን ጓዳ ውስጥ ቆለፈችባት። ሠራተኞቹ ሁሉ ሌላ ቦታ ነበሩ። እናት በሩን ትደበድባለች፤ ልጅ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጣ የድብደባው ንዝረት ሰውነቷ ላይ ሲደርስ ትስቃለች። ይህ ሦስት ሰዓት ያህል ቆየ።

ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ የሚነገረው ልጅቷ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደነበረች ለማሳየት ነው። ለእኔ ግን ስለ ንዝረት መሣሪያ ከተነገረው ሁሉ ይህ ይበልጣል። ንዝረቱ በትክክል ደርሷታል። አንድ ሰው በሩን እየመታ እንደሆነ አውቃለች። ያልደረሳት፣ እናቷ በሩን ክፈቺልኝ እያለች መሆኑ ነው። ንዝረት አንድ ነገር እየሆነ እንዳለ ይናገራል፤ የሆነው ነገር ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳው ግን ቋንቋ ነው። ሔለን ያኔ ያንን አላገኘችም።

በ1886 አባቷ ካፒቴን አርተር ኬለር ባልቲሞር ወደሚገኝ የታወቀ የዓይን ሐኪም ወሰዳት። (በዚያው ዓመት እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ተራራ ወደ ፍልውሃው ወርደው አዲስ አበባ ተቆረቆረች፤ 1879 ዓ.ም. መሆኑ ነው።) ሐኪሙ ለዓይኗ ማድረግ የሚችለው አልነበረም፤ ነገር ግን ልትማር እንደምትችል ነግሮ ወደ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ላካቸው። ስልክን የፈጠረው ቤል ይህ ነው። እናቱም ሚስቱም መስማት የተሳናቸው ነበሩ፤ ከእናቱ ጋር ሲያወራ አፉን ወደ ግንባሯ አስጠግቶ ድምፁ እንዲነዝራት ያደርግ ነበር። ቤል በቦስተን ለሚገኘው የፐርኪንስ ትምህርት ቤት ጻፉ አላቸው። ትምህርት ቤቱም የ20 ዓመት ወጣት የነበረችውን አን ሱሊቫንን ላከ። አን ማርች 3 ቀን 1887 ቱስካምቢያ ደረሰች። ከአንድ ወር በኋላ የሔለንን አንድ እጅ ከቧንቧ በሚወርድ ውሃ ሥር አድርጋ፣ በሌላኛው መዳፏ ላይ ውሃ የሚለውን ቃል በጣት ፊደል ጻፈችላት። ሔለን ነገር ሁሉ ስም እንዳለው የገባት በዚያ ቅጽበት ነው። በዚያ ቀን ብቻ 30 ያህል ቃላት ተማረች።

ልብ ይበሉ፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ንዝረቱ አልጎደለባትም። የጎደለው ሰው ነበር፤ ቀኑን ሙሉ መዳፏ ላይ የሚያወራ ሰው።

በጉሮሮ ላይ ያረፈ አውራ ጣት

ሔለን በ9 ዓመቷ በድምፅ መናገር ፈለገች። በ1890 ቦስተን ውስጥ ሣራ ፉለር የተባለች መምህርት ትምህርቱን ጀመረችላት። የሔለን እጅ በመምህርቷ ፊት ላይ ያርፋል፤ ከንፈርና ምላስ የት እንዳሉ ትዳስሳለች፣ ከዚያ ራሷ ትሞክራለች። በኋላ ሌሎች ሲናገሩ ለመከታተል የተጠቀመችበት ዘዴም ከዚህ የመጣ ነው፤ አውራ ጣቷ በተናጋሪው ጉሮሮ፣ ጠቋሚ ጣቷ በከንፈሩ፣ የመሃል ጣቷ በአፍንጫው ጎን ያርፋሉ። ጉሮሮው ድምፅ ሲያወጣ ይነዝራል፣ ከንፈሩ ቅርጹን ያሳያል፣ አፍንጫው ደግሞ መ እና ነ ሲባሉ ይነዝራል። ይህ ዛሬም ታዶማ እየተባለ ከሚጠራው ዘዴ ጋር ይመሳሰላል።

ውጤቱ ከፊል ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ብትለማመድም ንግግሯ ለማያውቃት ሰው አልጠራም፤ አደባባይ ስትናገር አን ወይም ሌላ አጋዥ እየደገመችላት ነው ሕዝቡ የሚረዳት። ይህ እስከ መጨረሻው ያሳዘናት ነገር ነበር። ያ ዘመን ደግሞ ለንግግር ሲባል የምልክት ቋንቋ ከትምህርት ቤት የተባረረበት ዘመን ነው፤ ሔለን በተወለደችበት በ1880 ሚላን ላይ የተሰበሰቡ መምህራን መስማት የተሳናቸው ልጆች በንግግር ብቻ እንዲማሩ ወስነው ነበር። ቤልም ከዚህ ሐሳብ ብርቱ ደጋፊዎች አንዱ ነበር። ለሔለን ያደረገው ውለታ ትልቅ ቢሆንም፣ በዚህ ጉዳይ ብዙ ልጆችን ጎድቷል ብዬ አምናለሁ። ዛሬ ልጅዎ የምልክት ቋንቋ ቢማር መናገር ያቆማል የሚልዎት ሰው ካለ አይስጉ፤ በሕፃንነት የተማሩት ማንኛውም ቋንቋ፣ በእጅም ይሁን በአፍ፣ ለሌላው መሠረት ይሆናል።

የቤትሆቨን ሙዚቃ በጣት

በ1924 መጀመሪያ ላይ የኒውዮርክ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የቤትሆቨንን ዘጠነኛ ሲምፎኒ ሲጫወት በሬዲዮ ተላለፈ። በሔለን ቤት አንድ ሰው የሬዲዮውን ማዳመጫ ክዳን ፈትቶ ከውስጥ የሚነዝረውን ስስ ሳህን እንድትነካ ሰጣት። ሔለን ዜማው ሲነሣና ሲወድቅ፣ ሰዎች በኅብረት ሲዘምሩ በጣቶቿ ተሰማት፤ ደስታዋንም ለኦርኬስትራው በደብዳቤ ገለጸች። ሙዚቃውን የደረሰው ቤትሆቨን ራሱ በዚያ ጊዜ መስማት ጠፍቶበት እንደነበረ ታውቅ ነበር።

ይህን ለመረዳት ሬዲዮ መፍታት አያስፈልግዎትም። በየካ ሚካኤል ወይም በእንጦጦ ማርያም የንግሥ በዓል ቀን ከበሮ አጠገብ ቆመው የሚያውቁ ከሆነ፣ ምቱ ደረትዎ ላይ ሲያርፍ ተሰምቶዎታል። ጸናጽሉ ግን፣ ጆሮዎን ቢደፍኑት ኖሮ፣ ሰውነትዎ ላይ ምንም አይሰማዎትም ነበር። የቆዳ አቅም ልክ እዚህ ላይ ነው። ጤነኛ የወጣት ጆሮ በሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚነዝርን ድምፅ ይሰማል። ቆዳ ግን በጣም የሚነቃው በሰከንድ 250 ጊዜ አካባቢ ለሚሆን ንዝረት ነው፤ ከ1,000 በላይ ሲሆን ምንም አይሰማውም ማለት ይቻላል። የሰው ድምፅ መሠረቱ፣ ምቱና ርዝመቱ ከበሮው በሚሰማበት ክልል ይወድቃል። ስ፣ ሽ፣ ፍ የሚሉ ድምፆች ግን የጸናጽሉ ወገን ናቸው፤ ንዝረታቸው በሰከንድ ብዙ ሺህ ነው። ስለዚህ ድምፅን እንዳለ ወደ ቆዳ ቢያስተላልፉት ግማሹ በመንገድ ይቀራል።

ጓንቱ

ሔለን 70 ዓመቷን ስታገባድድ፣ ይህን ችግር ለመፍታት የሞከሩ ሰዎች ነበሩ። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) የሒሳብ ሊቁ ኖርበርት ዊነርና መሐንዲሱ ጄሮም ዊስነር ከባልደረቦቻቸው ጋር ፌሊክስ የሚል ቅጽል ስም የሰጡትን መሣሪያ ሠሩ። ሐሳባቸው ብልህ ነው። ድምፁን ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ በአምስት ይከፍሉታል፤ እያንዳንዱን ክፍል ለአንድ ጣት ይሰጡታል። ጸናጽሉን ቆዳ መስማት ባይችል እንኳ፣ ጸናጽል በተሰማ ቁጥር ለምሳሌ ትንሿ ጣት ትነዝራለች፤ ሰውየው ደግሞ የቱ ጣት የቱን ድምፅ እንደሚናገር ይማራል። በ1950 ሔለን ቤተ ሙከራው ድረስ ሄዳ መሣሪያውን በእጇ ሞከረች።

መሣሪያው ከቤተ ሙከራ አልፎ ለሕዝብ አልደረሰም። በዚያ ዘመን ድምፅን የሚከፋፍለው ዕቃ ተሸክመው የሚዞሩት አልነበረም። እኔ ግን ሌላም ችግር ይታየኛል። የሔለን እጅ ባዶ እጅ አልነበረም። የምትሰማበት፣ የምታነብበትና የምትናገርበት እጅ ነበር። እጇን ለመሣሪያው ከሰጠች፣ መዳፏ ላይ በጣት ፊደል የሚያወራት ሰው የት ይጻፍላት? በምልክት ቋንቋ የሚነጋገር ሰውም ጣቶቹ ታስረው ምን ሊል ይችላል?

ዛሬ መሣሪያዎቹ ከጣት ወጥተው ወደ እጅ አንጓና ክንድ ሄደዋል። ይህም ዋጋ አለው። የጣት ጫፍ በ2 ወይም 3 ሚሊሜትር ልዩነት የተነካ ሁለት ቦታን ለይቶ ያውቃል፤ ክንድ ግን ልዩነቱ ወደ 4 ሳንቲሜትር ካልቀረበ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ አንጓ ላይ ብዙ ሞተር አቀራርቦ መደርደር ብዙ አይጠቅምም። ቆዳ ደግሞ ቶሎ ይለምዳል፤ የታሰረ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደሚረሳ ሁሉ፣ ሳያቋርጥ የሚነዝር መሣሪያም ይረሳል። ጥሩ መሣሪያ አጫጭርና የተለያየ ምት ይሰጣል፦ ለበር ሁለት አጭር፣ ለሕፃን ለቅሶ አንድ ረጅም፣ እንዲህ እያለ።

ለእርስዎ ቤት

መግዛት ወይም ማሠራት ካሰቡ መጀመሪያ የትኛውን ድምፅ እንደሚፈልጉ ያስቡ። መገናኛ ላይ የታክሲ ረዳቱም፣ ክላክሱም፣ ጀነሬተሩም አንድ ላይ ይጮኻሉ፤ ለሁሉም የሚነዝር መሣሪያ እዚያ ለምንም አይሆንም። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ደግሞ ፀጥታ ስለሆነ፣ ያው መሣሪያ ከኋላ የሚመጣ መኪናን ሊያሳውቅ ይችላል። ስለዚህ የመቀበል አቅሙን ከፍና ዝቅ ማድረግ የሚቻል መሆን አለበት። አንድ ማይክሮፎን ብቻ ያለው መሣሪያ መኪናው ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ አይነግርዎትም፤ መንገድ ሲሻገሩ የሚያምኑት ዓይንዎን ይሁን።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ኪስዎ ውስጥ ያለውን ስልክ ይሞክሩ። ከ2020 ወዲህ ብዙ ስማርት ስልኮች የሕፃን ለቅሶ፣ የበር ደወልና ሳይረን ለይተው የሚነዝሩበት አገልግሎት በቅንብራቸው ውስጥ ይገኛል። ደወል የለመደው ስልክ ግን የቆርቆሮ በር ሲንኳኳ ላያውቀው ይችላል፤ አንድ ሰው ውጭ ቆሞ እያንኳኳ ቤት ውስጥ ይፈትኑት። ለአረጋውያን፣ በተለይ ስኳር ላለባቸው፣ መሣሪያውን ከማሰርዎ በፊት ንዝረቱ በደንብ እንደሚሰማቸው ይጠይቋቸው፤ ስኳር የነርቭን ስሜት ሊያደነዝዝ ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ከእግር ስለሚጀምር ለእነሱ ከቁርጭምጭሚት ይልቅ እጅ ይሻላል።

መሣሪያ ከመፈለግም የአንገት በላይ ሐኪም ይቀድማል። የደረቀ ኩክና የሚመግል ጆሮ መታከም ይችላሉ፤ ለብዙ ሰውም ትክክለኛው መፍትሔ ጆሮ ላይ የሚደረገው የመስማት አጋዥ መሣሪያ ነው። መስማትዎ በሰዓታት ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ በድንገት ከቀነሰ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተጀመረ ሕክምና ሊመልሰው ይችላል። እንደ ጄንታማይሲን ያሉ መርፌዎችን እየወሰዱ ጆሮዎ መጮህ ከጀመረም በዚያው ቀን ለሐኪምዎ ይንገሩ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ሔለን በ1904 ከራድክሊፍ ኮሌጅ ተመረቀች፤ የማያይና የማይሰማ ሰው የባችለር ዲግሪ ሲያገኝ እሷ የመጀመሪያዋ ናት። መጻሕፍት ጻፈች፣ 39 አገሮችን ዞረች፣ ለዓይነ ስውራን ተቋም ለዐሥርት ዓመታት ሠራች። መስማት አለመቻል ከማየት አለመቻል ይከብዳል ብላ ታምን ነበር፤ ከነገር የሚለየው አንዱ ከሆነ፣ ከሰው የሚለየው ሌላው ነው በማለት።

አን ሱሊቫን በ1936 ስትሞት እጇን ይዛ አጠገቧ ነበረች። ከዚያ በኋላ ፖሊ ቶምሰን መዳፏ ላይ እየጻፈች ዓለምን አዞረቻት፤ እሷም በ1960 ሞተች። ሔለን በ1961 አንጎሏ ላይ የደም ዝውውር ችግር ደርሶባት ከአደባባይ ራቀች፤ ጁን 1 ቀን 1968 በኮነቲከት በሚገኘው ቤቷ በእንቅልፏ ሞተች። አመዷ በዋሺንግተን ብሔራዊ ካቴድራል ከአንና ከፖሊ አመድ ጋር ተቀምጧል። በቦታው ላይ ያለው ሰሌዳ በብሬል ጭምር የተጻፈ ስለሆነ፣ የሚጎበኙት ሰዎች በጣታቸው ያነቡታል።